አዳማ ላይ የወሰድነው የሥነ ምግባር ሥልጠና፦ ምሳው፣ አዳራሹ እና ያ የፊርማ ወረቀት

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የአሠልጣኙን ድርጅት ስም አልጽፍም። የሆቴሉንም፣ የመሥሪያ ቤቴንም እንደዚያው። እያነበባችሁ ስትሄዱ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል፤ ከጥፋተኞቹ አንዱ እኔ ነኝ። "ስም ካልጠራህ ምን ይጠቅመናል?" የሚል አይጠፋም። መሥሪያ ቤታችሁ "ሥነ ምግባርና አመራር" የሚል ሥልጠና ሊገዛ ካሰበ ውሉ ላይ ምን ማየት እንዳለበት ታውቃላችሁ። ያ ከስም የተሻለ ነው።

አዳማ ለሚኖር ሰው ሥልጠና ብርቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ተነስቶ ለቁርስ መድረስ ይቻላል፣ ስለዚህ የሀገሩ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሠራተኛውን ጭኖ እዚህ ያራግፋል። በሆቴሎቹ በር ላይ ባነር የማይሰቀልበት ቀን የለም። የባጃጅ ሹፌሮች እንኳ "ዛሬ ደግሞ የማን ነው?" ይሉሃል። ሰውም ሥልጠናውን የሚያስታውሰው በርዕሱ ሳይሆን በአበሉ ነው። "ያ የሁለት ሺህ ምናምኑ" ይባላል እንጂ "ያ የአመራር ክህሎቱ" ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የአንድ አከፋፋይ ድርጅት የፋይናንስ ሠራተኛ ነኝ። ዋናው ቢሮ እዚሁ አዳማ ነው፣ አዲስ አበባና ሀዋሳ ቅርንጫፍ አለን። ሥልጠናው ለምን ተገዛ? መጋዘን ውስጥ ጉድለት ተገኘ። ማን ወሰደው የሚለው ሳይጠራ "ሠራተኛው ግንዛቤ ያስፈልገዋል" ተባለ። እቃ ሲጠፋ ሥልጠና ይገዛል፤ የለመድነው ነው። ጨረታው ወጣ፣ አሠልጣኝ ድርጅቱ አሸነፈ፣ 41 ሰው ተመዘገበ። ከአዲስ አበባና ከሀዋሳ የሚመጡት ሙሉ አበል፣ እኛ የአዳማዎቹ ያቺን የባጃጅ ብር። ቀናን? አዎ ቀናን።

እስቲ ከቀላሉ ልጀምር። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ግን ኤሲው ሲበራ አሠልጣኟ አይሰሙም፣ ሲጠፋ ደግሞ የአዳማን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በሦስት ቀን ውስጥ "ይብራ"፣ "ይጥፋ" የሚለው ክርክር ብቻ አንድ ሰዓት ሳይወስድ አይቀርም። የረቡዕ የጾም በያይነቱ አንደኛ ነበር። ሐሙስ ጥብሱ ደርቆ ነበር። ለቡና እረፍት የመጣው ቦንቦሊኖ ትኩስ ነው፣ እሱ ላይ ነጥብ አልቀንስም። የተሰጠን ጥራዝ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ ነበር፤ ከገጽ 30 በኋላ ማንበብ አልቻልኩም። ይኼን ያህል።

አሠልጣኟ ወደ 60 የሚጠጉ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን በኦዲት ሥራ ያሳለፉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቀልድ የማያውቁ የሚመስሉ። የመጀመሪያው ጠዋት እንቅልፍ ነበር፣ አልዋሽም። የሥነ ምግባር ትርጉም፣ የአመራር ትርጉም፣ የባህርይ ትርጉም። ከዚያ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ሁሉ ግድግዳ ላይ የሚያውቃቸው 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች መጡ። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ከተቋቋመ ወዲህ ያልተሰቀሉበት ቢሮ የለም። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት እያለ ይሄድና መጨረሻው አርአያ መሆን ነው። እሳቸው "ለምን መጨረሻ ላይ የመጣ ይመስላችኋል?" ብለው ጠየቁ። አንዱ ከኋላ "ቦታ ስላለቀ" አለ። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ቀጥሎ ስለ ሥልጣን የምናውቀውን ተረት እንድንናገር ጠየቁን። ወዲያው "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ተባለ፣ "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" ተባለ፣ "ዓሣ ግማቱ ከአናቱ" ያለው ደግሞ ሥራ አስኪያጃችን ራሳቸው ናቸው። ይቺን ያዙልኝ።

ከሰዓት የፈረንጅ ኩባንያዎች ታሪክ ነበር። ኤንሮን የሚባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ 64 ገጽ የሥነ ምግባር መመሪያ ነበረው፣ መከባበርና ሐቀኝነት የሚሉ እሴቶችም አሉት፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2001 ሒሳቡ በውሸት የተሞላ ሆኖ ተገኝቶ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ጎኔ የነበረው ልጅ "የኛ መመሪያ 6 ገጽ ናት፣ እንተርፋለን" አለኝ። ዌልስ ፋርጎ የሚባለው ባንክ ደግሞ ሠራተኞቹ ላይ የማይደረስ የሽያጭ ኮታ ጫነ፣ እነሱም ደንበኛ ሳያውቅ በስሙ ሂሳብ እየከፈቱ ኮታቸውን ሞሉ። በፈረንጆቹ 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ ወደ 5,300 ሠራተኛ ተባረረ። የሽያጭ ክፍሎቻችን እዚህ ጋ ጸጥ አሉ። ኮታ ምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ይኼኔ ነው ከሾፌሮቻችን አንዱ እጁን ያወጣው። ሾፌሮች በሥልጠና ላይ አይናገሩም፤ ኋላ ቁጭ ብለው ሻይ ሰዓት ይጠብቃሉ። እሱ ግን "እትዬ፣ ይቅርታ፣ የሰው ሀገር ስንቱን አወሩ። እዚሁ ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀውስ?" አለ።

አሠልጣኟ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ፕሮጀክተሩን አጠፉት። ለሚቀጥሉት 40 ደቂቃዎች ያለ ስላይድ፣ ቆመው፣ አውሮፕላኑን ስለሠራው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ስለ ቦይንግ አወሩ። የሥልጠናው ገንዘብ የወጣው ለዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ታሪኩን ሁላችንም የምናውቅ ይመስለን ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው በረራ 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ወደቀ፣ 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት፣ 5 ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ኢንዶኔዥያ ላይ ያው ዓይነት 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። አውሮፕላኑ ላይ ኤምካስ የሚባል፣ በራሱ ጊዜ አፍንጫውን ወደ ታች የሚጫን ሥርዓት ተገጥሞለታል፤ ይህ ሥርዓት ያኔ ይታዘዝ የነበረው ለአንድ ሴንሰር ንባብ ነበር፣ ሴንሰሩ ሲሳሳት እሱም ይሳሳት ነበር፣ አብራሪዎቹ ደግሞ ከመጀመሪያው አደጋ በፊት መመሪያቸው ላይ ስለሱ አልተጻፈላቸውም። እስከዚህ ብዙዎቻችን እናውቃለን። እሳቸው የሄዱት ወደ ገንዘቡ ነው። ኩባንያው ኤርባስ ከሚባለው የአውሮፓ አውሮፕላን ሠሪ ጋር እየተሽቀዳደመ ነበር። አዲሱን አውሮፕላን "የድሮውን የሚያበር ሰው ሲሙሌተር (የበረራ መለማመጃ ማሽን) ሳይገባ ያበረዋል" ብሎ መሸጥ ፈለገ። ሳውዝዌስት ለሚባለው አየር መንገድ፣ ለትልቅ ደንበኛው፣ ሲሙሌተር ካስፈለገ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር እቀንሳለሁ ብሎ ውል ገባ።

"አሁን እናንተ እዚያ ቤት መሐንዲስ ናችሁ እንበል" አሉ። "አብራሪዎቹ ይህን ማወቅና መለማመድ አለባቸው ብላችሁ ብትጽፉ፣ ያቺ ደብዳቤ ስንት ታስከፍላለች? ቁጠሩ።" ሰው ሁሉ በልቡ መቁጠር ጀመረ። "እውነት ዋጋ የተለጠፈባት ያን ቀን ነው፤ ዋጋውን የለጠፉት ደግሞ አለቆቹ ናቸው" አሉ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ተሰናበቱ፣ 62 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥቅማ ጥቅም ይዘው። ኩባንያው በፈረንጆቹ 2021 ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ። ሾፌሩ እስከ መጨረሻው አልተቀመጠም፤ እጁን ሲያወጣ የቆመበት ቆሞ ሰማ።

በነገራችን ላይ ስለ መጋዘናችን ጉድለት በሦስቱ ቀን ውስጥ አንድም ሰው አላነሳም። አሠልጣኟ ለምን እንደተጠሩ እንኳ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

አሁን ወደ ሐሙስ። የፊርማ ወረቀቱ በቀን ሁለቴ ይዞራል፣ ጠዋትና ከሰዓት። ሐሙስ ምሳ ላይ የሀዋሳ ቅርንጫፍ ባልደረባዬ መጣና "ወንድምዬ፣ ሶደሬን አይቻት አላውቅም። ሀዋሳ ሐይቅ አለ፣ ፍልውሃ ግን የለም። ከሰዓት ፈርምልኝ" አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው። ሀዋሳ ስሄድ ዓሣ ሳያበላኝ ሰድዶኝ አያውቅም። ፈረምኩለት። ብዙም አላሰብኩበትም፣ አንዲት ጭረት ናት። ፊርማውን አስመስዬ ነው የፈረምኩት፣ አስታውሳለሁ፤ የመጨረሻዋን ጅራት ሳይቀር።

እሱ ብቻ አልነበረም የሄደው። ሥራ አስኪያጃችንም "ስልክ መጣብኝ" ብለው ወጡ፣ አልተመለሱም። እሳቸው ግን ማንንም አላስቸገሩም፤ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም ጠዋት ላይ ፈርመው ነበር።

አርብ ጠዋት አሠልጣኟ ገቡ፣ ደህና አደራችሁ አሉ፣ ከዚያ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ "ትናንት ከሰዓት 41 ፊርማ አለኝ። እኔ የቆጠርኩት 29 ሰው ነው። ኦዲተር ነበርኩ፣ መቁጠር አመሌ ነው" አሉ።

ኤሲው ጠፍቶ ነበር። ዝንብ ይሰማል። ማን ነው አላሉም። ለእያንዳንዳችን ብጣሽ ወረቀት ሰጡንና ስም ሳንጽፍ አንድ ጥያቄ እንድንመልስ ጠየቁ፦ "ይህ ወረቀት እንዲሁ ቢቀር ማን ይጎዳል?" ሰብስበው ጮክ ብለው አነበቡት። "ማንም"። "ድርጅቱ"። "ድርጅቱ ይችለዋል"። "እርስዎ"። "ማንም"። "የፈረመው"። "ማንም"። አንዷ ወረቀት ላይ "ከሰዓት ቁጭ ብሎ የዋለው" የሚል ነበር። እሷን ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሥራ አስኪያጃችን አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን እያዩ ነበር። እኔ ምን ጻፍክ ካላችሁ "ማንም" ከጻፉት ውስጥ ነኝ።

ከዚያ ወደ ቀጣዩ ርዕስ ተሻገሩ። አንድም የምክር ቃል አልጨመሩም። ይህን እወድላቸዋለሁ፤ ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን የጥቅስ ዝናብ ያወርድብን ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ደረሰኙ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ክፍያው በሰው ነው፣ ከነ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ጠብቄ የነበረው ቁጥሩ ቀንሶ እንዲመጣ ነው። ያን ሁሉ ያስተማሩን ሴትዮ ለማይገኝ ሰው አያስከፍሉም ብዬ ነበር። ደረሰኙ ግን ለ41 ሰው፣ ለሦስት ቀን፣ ሙሉ። "ይኸው፣ እሳቸውም እንደኛ ናቸው" አልኩ። ትንሽ ደስ ሳይለኝም አልቀረም። ከጀርባው ግን አንዲት ማንም ያልጠየቃቸው ገጽ ተያይዛለች፤ በየግማሽ ቀኑ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሰው ብዛት። ረቡዕ 41 እና 41፣ ሐሙስ 40 እና 29፣ አርብ 39 እና 36። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ።

ደወልኩላቸው። "ውሉ በተመዘገበ ሰው ነው የሚለው" አሉኝ። "ወንበሩም ምሳውም ለ41 ነው የተዘጋጀው። የቀረባችሁ ሰው የእናንተ ወጪ ነው። አበሉ ግን የምትከፍሉት ገንዘብ ስለሆነ ቁጥሩን ልታውቁት ይገባል ብዬ ነው።" ልክ ናቸው። ውሉን አውጥቼ አየሁት፣ እንዳሉት ነው። ግን ልብ በሉ፣ እናንተ ስትዋዋሉ "በተመዘገበ" የሚለውን "በተገኘ" አስብላችሁ ጻፉ፣ ወይም ቢያንስ የምሳውን ለዩት። እሳቸው አይነግሯችሁም። ሐቀኛ ናቸው ማለት ለእናንተ ይደራደሩላችኋል ማለት አይደለም።

ያቺን ገጽ ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። ተናደድኩባቸው። ስም ሰጥተው ቢያርፉ ምን ነበረበት? ስም ስላልሰጡ ስሙን የሚያውቀው ሰው እኔ ሆንኩ። አበል የሚያወራርደውም እኔ።

መጀመሪያ ሀዋሳ ደወልኩ። "ወንድሜ፣ ያቺን ግማሽ ቀን ልቆርጣት ነው" አልኩት። "ምን?" አለ። ደገምኩለት። "አንተው ፈርመህ አንተው ትቆርጣለህ? አቦ ሰው ነህ?" አለኝ። እሱም ልክ ነው። ያኔውኑ እምቢ ብለው ኖሮ በሰዓቱ ይመለስ ነበር፣ ወይ ሶደሬውን ለቅዳሜ ያደርገው ነበር። ስልኩን ዘጋው። ሁለት ሳምንት አላናገረኝም።

ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። "ሐሙስ ከቀሩት 12 ሰዎች ለአንዱ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎም ሐሙስ ከሰዓት አልነበሩም" አልኳቸው። ይህን ስል ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር፤ ጀግንነት አይደለም፣ ወረቀቱ ነው የገፋኝ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩት፣ "እሺ፣ እዚህ ተወው" አሉ።

11 ቀን እዚያው ተኛ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። የራሳቸውን ግማሽ ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰርዘዋል፣ ፈርመውበታል። የቀሩት ግን "ይከፈል" የሚል ተጽፎባቸዋል። ገብቼ "የሌሎቹስ?" ብላቸው "እነሱን ተዋቸው፣ በእኔ ይሁን" አሉኝ።

ወሬው በአንድ ቀን ቢሮውን ሞላ። "እንዴት ያለ መሪ ነው!" ተባለ። የራሱን ቆረጠ፣ የሠራተኛውን አልነካም። ካፌ ውስጥ ይህን ሲያወሩ ዝም ብዬ ማኪያቶዬን ጠጣሁ። የራሳቸውን መሰረዛቸውን አደንቃለሁ፣ ስንቱ አለቃ ነው ይህን የሚያደርገው? ግን "በእኔ ይሁን" ያሉት በድርጅቱ ብር ነው። ቸርነቱ ከሳቸው ኪስ ቢወጣ ቆሜ አጨበጭብ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በዚያ ሙቀት ቁጭ ብለው የዋሉት 29 ሰዎች፣ ያ ሾፌር ጭምር፣ ሶደሬ ከዋለው ሰው እኩል ተቆጠሩ፤ የሄደው ሰው ትርፉ ፍልውሃው ሆነ። ከእንግዲህ በሚመጣው ሥልጠና ማን ቁጭ ይላል? ቦይንግ ቤት የተለጠፈው ዋጋ እኛም ቤት በትንሹ ተለጥፏል። ሐቀኛ ሆኖ መዋል ግማሽ ቀን ያስከፍላል፣ መቅረት ደግሞ ነፃ ነው።

ይህን ለሳቸው አልነገርኳቸውም። የክፍያ ማዘዣውን አዘጋጀሁ፣ ፈረምኩ፣ ከፈልኩ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ፊርማዬ ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ በሰው ስም፣ አንዱ በራሴ።

ወደ ግምገማው ልመለስ። ለአዳራሹ ከ5 ኮከብ 2 እሰጣለሁ። ለምሳው 4፣ ሐሙስ ባይኖር 5። ለጥራዙ 1። ለአሠልጣኟ 4 ተኩል። የመጀመሪያው ጠዋት ቢወጣና በሾፌሩ ጥያቄ ቢጀመር ይሻላል። በሰው ሀገር ምሳሌ ሰው አይነቃም፤ ቢሾፍቱ ሲባል ነው ሁሉም ቀና ያለው። የሥልጠና ፈላጊዎች፣ የምትገዙት ለእቃ ጉድለት ማስተባበያ ከሆነ ተዉት፣ ብራችሁ ይቅር፣ መጋዘናችሁን ቁጠሩ። አሠልጣኟ የሚመጡ ከሆነ ግን ለምን እንደጠራችኋቸው ንገሯቸው። የፊርማ ወረቀቱንም አለቃው ጠዋት ላይ ሁለቴ እንዳይፈርም ለየብቻ አትሙት።

ኮከብ የምቀንስበት አንድ ነገር ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ሰርተፍኬቱ መጣ። ወፍራም ወረቀት፣ ወርቃማ ጠርዝ፣ ማኅተም። የእኔ ላይ የአባቴ ስም ተሳስቷል፣ እንዲስተካከል መልሼ ልኬዋለሁ። የሀዋሳው ልጅ አሁን ታርቀናል፤ የእሱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ስሙ ትክክል ነው። "ለሦስት ቀናት ሙሉ ተሳትፎ" ይላል፣ ከሥር ደግሞ የአሠልጣኟ ፊርማ አለበት።